የኮሪያና የኮንጎ ዘማቾችን ታሪክ ከቤታችን እንዴት እንቅዳ

በሰሜን ሸዋ ብዙ ቤት ግድግዳ ላይ የአንድ ወታደር ፎቶ አለ። ከማርያም ሥዕልና ከሠርግ ፎቶ መሐል ተሰቅሎ ከርሟል። ልጆቹን "እኚህ ማን ናቸው?" ብትሏቸው "አያታችን ናቸው፤ ኮሪያ ዘምተው ነበር" ይላሉ። ማን ላካቸው? ለምን ሄዱ? በየትኛው ባንዲራ ስር ቆሙ? እዚህ ላይ ወሬው ያልቃል።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። የመንግሥታት ማኅበርን፣ የተባበሩት መንግሥታትንና የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ታሪክ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ተማሪዎቼ ዓመተ ምሕረቱን ይሸመድዱታል፤ ከፈተና በኋላ ብን ብሎ ይጠፋል። የራሳቸው ቤተሰብ እዚያ ታሪክ ውስጥ እንዳለ ካወቁ ግን አይረሱትም። ስለዚህ ስልካቸውን አስይዤ ወደ ቤታቸው እሰዳቸዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው ለእነሱ የምነግራቸው ነው። ለማንም ይሆናል።

ነገሩ ይደር የሚባል አይደለም። ኮሪያ ሲሄድ ሃያ ዓመት የነበረው ወጣት ዛሬ በሕይወት ካለ ዘጠናን አልፏል። የኮንጎዎቹም ሰማንያን ያለፉ ናቸው። ባለቤቶቻቸው፣ ታናናሾቻቸውና ትልልቅ ልጆቻቸው ግን አሉ። ዘማቹ ካረፉ እነሱን ጠይቁ።

ዓመት ስጽፍ በእኛ አቆጣጠር ነው። የፈረንጁን ስጠቅስ እ.ኤ.አ. እላለሁ።

መጀመሪያ የቱ ዘመቻ እንደሆነ ለዩ

ሰው ሁሉንም "ሰላም ማስከበር" ይለዋል። ኮሪያና ኮንጎ ግን በጣም ይለያያሉ። ይህን ሳትለዩ ከሄዳችሁ ጥያቄያችሁ ሁሉ ይጣመማል።

ኮሪያ ጦርነት ነበር። ሰኔ 1942 ሰሜን ኮሪያ ደቡቡን ወረረች። ፀጥታው ምክር ቤት ሰኔ 20 ቀን አባል አገሮች ደቡቡን እንዲረዱ ወሰነ። ያን ሰሞን ሶቭየት ኅብረት በቻይና ወንበር ጉዳይ ተቆጥታ ስብሰባ አትገባም ነበር። ብትገባ ኖሮ ውሳኔውን ድምፅን በድምፅ በመሻር መብቷ ትጥለው ነበር። ጦሩ የተባበሩት መንግሥታትን ባንዲራ ይዞ በአሜሪካ አዛዥነት ተሰለፈ። ኢትዮጵያ ከክብር ዘበኛ የተውጣጣውን የቃኘው ሻለቃ ላከች። ሻለቃው ሚያዝያ 1943 ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ ፑሳን ወረደ። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ሆኖ ተዋጋ። ተኩሱ ሐምሌ 20 ቀን 1945 እስኪቆም ድረስ ሻለቆቹ እየተተካኩ ዘልቀዋል። ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን እዚያ ሞተዋል። የተማረከ ግን አንድም የለም። ይህን የኮሪያ ዘማች ሁሉ ይነግራችኋል፤ ሲነግራችሁም ቀና ብሎ ነው።

ኮንጎ ሌላ ነው። አገሪቱ ከቤልጂግ ነፃ የወጣችው ሰኔ 1952 ነው። ሳምንት ሳይሞላ ሠራዊቱ አመፀ። ቤልጂግ ወታደሮቿን መልሳ አስገባች። በማዕድን የበለፀገው ካታንጋ "ተገንጥያለሁ" አለ። ፕሬዚዳንቱ ካሳቩቡና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሉሙምባ የተባበሩት መንግሥታትን ድረሱልን አሉ። ፀጥታው ምክር ቤት ሐምሌ 7 ቀን 1952 ጦር እንዲላክ ወሰነ። ከእኛም የጠቅል ብርጌድ ሄደ። ኋላ ላይ ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ በኮንጎ የነበረውን የተባበሩት መንግሥታት ጦር በሙሉ አዝዘዋል።

እዚያ የሄደው ወታደር በወረቀት ላይ ጠላት የለውም። ትእዛዙ "ካልተተኮሰብህ አትተኩስ" ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በእርሻ ድንበር ተጣልተው ዱላ ሲማዘዙ መሐላቸው የሚገባውን ሽማግሌ አስቡ። ይሄኛው ሽማግሌ ጠመንጃ ይዟል፤ ቋንቋቸውን ግን አይችልም።

የሚገርመው ይህ ሥራ በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ውስጥ በስሙ አልተጻፈም። ምዕራፍ 6 ስለ ድርድርና ሽምግልና ይናገራል። ምዕራፍ 7 ስለ ማዕቀብና ስለ ኃይል ይናገራል። ሰላም ማስከበር በሁለቱ መሐል የበቀለ ነገር ነው። ዋና ጸሐፊው ዳግ ሐማርሾልድ "ምዕራፍ ስድስት ተኩል" ይሉት ነበር። ሰማያዊው ቆብም የመጣው በእሳቸው ዘመን ነው። 1949 ዓ.ም. በስዊዝ ቀውስ ጊዜ ወደ ግብፅ የሚሄደው ጦር በሩቅ የሚለይበት ነገር አስፈለገው። ሰማያዊ ቦኔት ለማሰፋት ጊዜ አልነበረም። ያለውን የአሜሪካ የራስ ቁር ሰማያዊ ቀለም ቀብተው አደሉ። ሐማርሾልድ ራሳቸው መስከረም 1954 በኮንጎ ጉዳይ ሲመላለሱ አውሮፕላናቸው ንዶላ አጠገብ ወድቆ ሞቱ። ብዙ የኮንጎ ዘማች ያን ዜና የት ሆኖ እንደሰማ ያስታውሳል። ጠይቁት።

ከ1986 ወዲህ ያሉት ብዙ ናቸው፤ ሩዋንዳ፣ ብሩንዲ፣ ላይቤሪያ፣ ዳርፉር፣ አብዬ፣ ሶማሊያ። እዚህ ላይ ላኪውን ለዩ። ላይቤሪያና አብዬ የተባበሩት መንግሥታት ናቸው። ሶማሊያ የአፍሪካ ኅብረት ነው። ዳርፉር የሁለቱ በጋራ ነበር። አብዬ ሰኔ 2003 ሲጀመር ለብዙ ዓመት ጦሩ ከሞላ ጎደል ኢትዮጵያዊ ብቻ ነበር። በዚህ የተነሣ ከደብረ ሲና ወይም ከእነዋሪ ሄዶ አብዬን የማያውቅ የወታደር ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል።

ሜዳሊያውን አገላብጡ

ወረቀት ይጠፋል፣ አይጥ ይበላዋል። ሜዳሊያ ግን ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ሲሰጧችሁ ዝም ብላችሁ አመስግናችሁ አትመልሱ። መስኮት አጠገብ ውሰዱት። ፊቱንም ጀርባውንም አንሡ።

የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ የነሐስ ነው። ፊቱ ላይ የዓለም ካርታና ሁለት የወይራ ዝንጣፊ አለ። ሪባኑ ሰማያዊና ነጭ መስመር የተፈራረቀበት ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈው ሜዳሊያው የተሰጠው የድርጅቱን ቻርተር መርሆች ለመከላከል ላገለገለ መሆኑን ነው። ይህ ሜዳሊያ በየዘማቹ አገር ቋንቋ ተሠርቷል፤ በአማርኛም አለ። አንዲት ተማሪዬ ከመሐል ሜዳ ፎቶ አንሥታ ስታመጣልኝ ፊደላችን ነሐሱ ላይ ተቀርጾ ሳየው ዓይኔ እንባ አቀረረ። አያትየው ማንበብ የቻሉት ሜዳሊያ ነበር።

የኮንጎው ይለያል። ፊቱ ላይ ከካርታው በላይ ዩ ኤን የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ። ጀርባው ላይ "ለሰላም አገልግሎት" የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፏል። መጀመሪያ የተሰጡት ላይ "ኮንጎ" የሚል ትንሽ ብረት ሪባኑ ላይ ተሰክቷል። ብረቱ ወድቆ ሊሆን ስለሚችል ሪባኑ ላይ ቀዳዳ ካለ ልብ በሉ። ከዚህ ሌላ የሚገኘው የንጉሡ ሜዳሊያ ወይም የሌላ አገር ኒሻን ይሆናል። እያንዳንዱን ለየብቻ አንሡ። ጋቢ ወይም ነጭ ጨርቅ ላይ ብታስቀምጡት ጽሑፉ ይጎላል። አትወልውሉት። ዝገቱን በሎሚ የሚያጥቡ አሉ፤ ጽሑፉን ይበላዋል።

ፎቶም እንደዚሁ ነው። ፍሬሙን ማውለቅ ከተፈቀደላችሁ ጀርባውን እዩ። የፎቶ ቤት ማኅተም፣ ቀን፣ የጓደኛ ስም እዚያ ይገኛል።

ዓመተ ምሕረቱን አስታርቁ

ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። አያት "በ43 ሄድን" ይላሉ። ኢንተርኔት ላይ 1951 ይላል። ልጁ አያቱ ዘነጉ ብሎ ያስባል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ሕጉ ቀላል ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ላለ ቀን 7 ደምሩ። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ደምሩ። ሚያዝያ 1943 ሲደመር 8፣ እ.ኤ.አ. 1951 ይሆናል። መስከረም 1954 ሲደመር 7፣ እ.ኤ.አ. 1961። ወሩን ካላወቃችሁ ሁለቱንም ጻፉ። ገምታችሁ አንዱን አትምረጡ።

ብዙ ሰው ቀን አያስታውስም። "ስንት ዓመት ነበር?" ብላችሁ አታስጨንቁ። ምልክት ስጡ። "ከታኅሣሡ ግርግር በፊት ነው በኋላ?" በሉ። የ1953ቱ ግርግር፣ ማለትም የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራው፣ ክብር ዘበኛው ራሱ ያለበት ነገር ስለሆነ የኮንጎ ዘማች አይረሳውም። ሰውየው ኮንጎ ሆነው ከሰሙት ደግሞ ትልቅ ታሪክ አገኛችሁ። "የንጉሡ ኢዮቤልዩ ጊዜ የት ነበሩ?"፣ "የመጀመሪያ ልጅዎ ስትወለድ እዚህ ነበሩ?" ይሠራል። እናቶች በክርስትናና በሠርግ ይቆጥራሉ። ቆጠራቸው ከወረቀት ያላነሰ ነው።

ሲሄዱ እንዴት

በአዝመራ ሰሞን አትሂዱ። በእኛ አገር ከኅዳር እስከ ጥር አጨዳና ውቂያ ነው፤ ልባቸው አውድማ ላይ ነው። ከጥምቀት በኋላ ጥሩ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ እህል ከተቀመሰ በኋላ ሂዱ። ባዶ እጅ አትግቡ፤ ቡናና ስኳር ይበቃል። የገቡ ዕለት ስልክ አታውጡ። የማን ልጅ እንደሆናችሁ ተናገሩ። ዘመድ ከተቆጠረ በኋላ ነገሩ ይቀላል።

ስትቀዱ አስፈቅዱ። "አባባ፣ የሚነግሩኝን ልጆቻችን እንዲሰሙት በዚህ ልቅዳው?" በሉ። እሺ ካሉ መጀመሪያ የእሺታቸውን ድምፅ ቅዱ። ስልኩን ጉልበታቸው አጠገብ፣ የታጠፈ ጨርቅ ላይ አስቀምጡ። ራቅ ካለ በሩ ላይ ያለው ዶሮና የጣሪያው ዝናብ ይበልጠዋል። ስልኩን ጥሪ እንዳይገባ አድርጉት። ሙሉ ቻርጅ ይሁን፤ መብራት ትሄዳለች።

"ጦርነቱ እንዴት ነበር?" ብላችሁ አትጀምሩ። የዚህ ጥያቄ መልስ "በጣም ከባድ ነበር" ነው። ትንሽ ነገር ጠይቁ። ባቡሩ ላይ ከጎንዎ ማን ነበር? መርከቡ ላይ ምን በሉ? በጾም ቀን ምን አደረጋችሁ? የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድ ምን አላችሁ? የመንዝ ሰው በርኖስ ለብሶ ያደገ ነው፤ ብርድ አውቃለሁ ብሎ ነው የሄደው። የኮሪያን ክረምት ሲያነሡ ግን ድምፃቸው ይለወጣል። ቋንቋ ማን ያስተረጉም ነበር? ደሞዝ ለእናትዎ በማን በኩል ደረሰ? የሞተ ጓደኛችሁን እንዴት አድርጋችሁ ሸኛችሁ?

አጎቴ ኮንጎ ዘምተዋል። ሲጠየቁ ሁልጊዜ "ጠበቅን፣ ተመለስን" ብቻ ነበር የሚሉት። አንድ ቀን "ማታ ማታ የቆማችሁበት ቦታ ምን ይመስላል?" ስላቸው ዱላቸውን ወለሉ ላይ እየሳቡ ሥዕል ሳሉልኝ። እዚህ መንገድ፣ እዚህ የአሸዋ ጆንያ፣ እዚያ ማዶ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ። በዛፉ በኩል ተኩስ ይመጣል። ጥይቱ በላያቸው ያልፋል እንጂ እነሱን አይፈልግም። የመቶ አለቃው በደረቱ እየተሳበ ከአንዱ ወታደር ወደ ሌላው ይሄዳል። "እንዳትተኩስ፣ ወደኛ አይደለም" ይላል። አጎቴ ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። "ጣቴን አላመንኩትም" አሉኝ። የተባበሩት መንግሥታት ወታደር ራሱን ለመከላከል ካልሆነ አይተኩስም የሚለው የድርጅቱ ደንብ መሬት ላይ ሲወርድ ይህን ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ሳስተምረው በዚያ እጅ ነው የምጀምረው።

እናቶችን ለብቻ ጠይቁ። ባል ባለበት እናት "እሱ ያውቀዋል" ትላለች። ማድቤት ገብታችሁ ቡና ስትቆሉ ግን ሌላ ታሪክ አለ። ደብዳቤው ሲመጣ ማን አነበበላት? አብዛኛውን ጊዜ ቄሱ ወይም የቆሎ ተማሪው ነው። እርሻውን ማን አረሰ? ሞተ የሚል ወሬ መጥቶ ያውቃል? ኒው ዮርክ ላይ እጅ አውጥተው የወሰኑት ነገር ሞላሌ ላይ የአንዲት ሴት በሬ ያለ ጠማጅ እንዲከርም አድርጓል። የመማሪያ መጽሐፉ ይህን አይጽፍም፤ እናንተ ጻፉት።

ስለ 1928 ሳትጠይቁ አትነሡ

"ኮሪያ ሩቅ ነው፤ ለምን ሄዳችሁ?" ስትሉ አንዳንዱ "ንጉሡ አዘዙን" ይላል። እውነት ነው። ቀጥላችሁ ግን "አባትዎ በጣሊያን ጊዜ የት ነበሩ?" በሉ። ያኔ የሁሉ ነገር ሥር ይወጣል። እኔ በዚህ ሥራ ሁሉ ይዤ የምዞረው አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው። የኮሪያና የኮንጎ ዘመቻ ታሪክ የሚጀምረው ጄኔቫና ጣርማበር ላይ ነው።

ኢትዮጵያ ከተባበሩት መንግሥታት በፊት ጄኔቫ ላይ የነበረው የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው መስከረም 17 ቀን 1916 ነው፤ የመስቀል ዕለት። የማኅበሩ ቃል ኪዳን አንቀጽ 16 በአንድ አባል ላይ የተነሣ ጦርነት በሁሉም ላይ እንደተነሣ ይቆጠራል ይላል። ሰው በዚህ ተማምኗል። ኅዳር 1927 የወልወል ግጭት ሆነ፤ ኢትዮጵያ አቤት አለች። መስከረም 22 ቀን 1928 ጣሊያን ወረረች። ማኅበሩ ጣሊያንን ወራሪ ብሎ ማዕቀብ ጣለ። ግን ማዕቀቡ ነዳጅን አልነካም። የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከብ አልተዘጋም። ታንኩና አውሮፕላኑ የሚንቀሳቀሱት በዚያው ነዳጅ ነበር።

ከደሴ የተነሣው የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባው በእኛ በር ነው። ጣርማበር ላይ መንገዱ ተቆርጦ ስለጠበቀው ጥቂት ዘገየ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ ገባ። ንጉሡ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ላይ ቆመው ተናገሩ፤ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። ከጥቂት ቀን በኋላ ማኅበሩ ማዕቀቡን አነሣ። ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች፤ አዲስ አበባ ላይ ሜክሲኮ አደባባይ የምንለው በእሷ ስም ነው።

እዚህ አካባቢ ግን ጦርነቱ አልቆመም። ራስ አበበ አረጋይና ሌሎች አርበኞች መንዝን፣ ጅሩንና ቡልጋን ይዘው ቆዩ። ደብረ ብርሃን ያለው ትምህርት ቤት በስሙ የተጠራለት ኃይለማርያም ማሞም ከእነዚያ አርበኞች አንዱ ነው። ሚያዝያ 1931 ደግሞ በሰሜን ሸዋ ዘረት ላይ፣ አመጸኛ ዋሻ ውስጥ ከአርበኞች ጋር ሕፃናትና ሴቶች ተጠልለው ነበር። የጣሊያን ጦር ዋሻውን ከቦ የመርዝ ጋዝ ተጠቀመ። ጣሊያን የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ፈርማ አጽድቃ ነበር፤ ፕሮቶኮሉ እ.ኤ.አ. የ1925 ነው። ከዋሻው እጃቸውን ሰጥተው የወጡት ወንዶች ተረሸኑ። ይህ ሁሉ ሲሆን ማኅበሩ ጄኔቫ ላይ ሕንፃው ቆሞ ነበር።

አሁን ወደ ዘማቹ ተመለሱ። 1943 ላይ ኮሪያ የሄደው ወጣት በ1928 የአምስት ወይም የስድስት ዓመት ልጅ ነው። ዋሻ ውስጥ፣ ገደል ስር ያደገ ነው። ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦር ስትልክ ለራሷ የተነፈገችውን መርህ ለሌላ መስጠቷ ነበር፤ የተወረረ አገር ብቻውን አይተው የሚለውን። ይህን ለሽማግሌው አታስተምሯቸው። "አባትዎ ስለ ጣሊያን የነገሩዎት ነገር ኮሪያ ላይ ትዝ ብሎዎት ያውቃል?" ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። ረጅም ዝምታ ቢሆንም ጠብቁ።

የሚያስከፋውንም ጠይቁ

ታሪኩ ውዳሴ ብቻ እንዳይሆን። ጥር 9 ቀን 1953 ሉሙምባ ካታንጋ ውስጥ ተገደለ። የተባበሩት መንግሥታት ጦር አገሩ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ወታደር ነበረው። እርዳታውን የጠራው ሰው እርዳታው በቆመበት አገር ሞተ። ፀጥታው ምክር ቤት የእርስ በርስ ጦርነትን ለመከላከል በመጨረሻ አማራጭ ኃይል መጠቀምን የፈቀደው ከዚያ በኋላ፣ የካቲት 1953 ነው። የካታንጋ መገንጠል ያበቃው ጥር 1955 ነው። ዘማቾች ስለዚህ የተለያየ ሐሳብ አላቸው። አንዱ "ቀድመው ቢፈቅዱልን" ይላል። ሌላው "እኛ የሰው ቤት ነገር ምን አገባን" ይላል። ሁለቱንም ጻፉ፤ አታስታርቋቸው።

ሩዋንዳ የሄዱት የኢትዮጵያ ወታደሮች የደረሱት እልቂቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ እልቂቱ በ1986 መጋቢት መጨረሻ ከጀመረ በኋላ ፀጥታው ምክር ቤት እዚያ የነበረውን ጦር አሳንሶት ነበር። ያዩትን ማውራት የማይፈልጉ አሉ። አትጫኗቸው። "ይብቃን" ካሉ መቅጃውን አጥፉ፣ ቡናውን ጠጡ።

ከዳርፉር፣ ከአብዬና ከሶማሊያ የመጡት ገና ወጣቶች ናቸው። ከእነሱ ጋር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመታወቂያ ቁጥር፣ የክፍል ስም፣ አሁን ያሉበትን ቦታ አትጻፉ። ስለ አሁን ሥራቸው አትጠይቁ። ፎቷቸውን ፌስቡክም ቴሌግራምም ላይ አትልቀቁ። የዛሬውን ለዛሬው ተዉት፤ ስለ ውሃው፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ልጆቹ ይንገሯችሁ።

የሰማችሁትን አጣሩ

ሽማግሌ የሚናገረው የራሱን ዓይን ነው። ቀንና የጦር ስም ይደባለቃል። የተባበሩት መንግሥታት የሰላም ማስከበር ድረ ገጽ ላይ የተዘጉት ዘመቻዎች ሳይቀሩ ታሪካቸው አለ። የድርጅቱ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የፀጥታው ምክር ቤት ውሳኔዎች በነፃ ይገኛሉ፤ ኮንጎን ከፈለጋችሁ ውሳኔ 143 እና 161 ብላችሁ ፈልጉ። የፎቶ ክምችቱም የኮንጎ ዘመን ፎቶዎች አሉት። አዲስ አበባ ከሄዳችሁ ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ ጋዜጦችን እዩ፤ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ግቡ። አፍንጮ በር ያለውን የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያም ሳትጎበኙ አትመለሱ። የሚያርፉበት ዘመድ ካለ አፍሪካ አዳራሽንም ጨምሩ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ሠላሳ ሁለት አገሮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር የፈረሙት እዚያ ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከተማ ይፍሩ ካዛብላንካና ሞንሮቪያ የሚባሉትን ሁለት የተከፋፈሉ ጎራዎች ለማቀራረብ ብዙ ለፍተዋል። የኮንጎ ጉዳይ እነዚያን ጎራዎች ካጣሉት ነገሮች አንዱ ነበር።

የሽማግሌው ቃልና ወረቀቱ ካልተስማሙ የሽማግሌውን ቃል አትሰርዙ። እንዳለ ጻፉትና ከሥሩ "መዝገቡ እንዲህ ይላል" ብላችሁ ጨምሩ። አንባቢ ሁለቱንም ያግኝ።

ከተቀዳ በኋላ

በዚያው ሳምንት ጻፉት። የተናገሩትን ቃል አታሳምሩ፤ የመንዝ አነጋገር በመንዝነቱ ይቆይ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ተመልሳችሁ ሄዳችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ያኔ "የለም፣ እሱ አይደለም፣ አሥር አለቃው ነው" ይላሉ። ምርጡ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በዚህኛው ቀን ነው። ይውጣ የሚሉት ነገር ካለ አውጡ።

ድምፁን በሦስት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ከስልካችሁ ውጭ፣ በፍላሽ። ጽሑፉን አሳትማችሁ አንዱን ለቤተሰቡ ስጡ፣ ከሜዳሊያው ጋር በአንድ ሳጥን ይቀመጥ። ሌላውን፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ፣ ለትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት ስጡ። በክፍል ማቅረብ ለሚፈልግ ጥቅምት 14 አካባቢ የተባበሩት መንግሥታት ቀን ነው፤ ግንቦት 21 ደግሞ የሰላም አስከባሪዎች ቀን። ፋይሉን ስትሰይሙት የተናጋሪውን ስም፣ የትውልድ ቀበሌውን፣ የዘመተበትን አገር፣ የተቀዳበትን ቀንና የቀዳውን ሰው ስም ጻፉ። "ድምፅ 1" ብላችሁ አትተዉት።